ሲስተር ታደለችና የሜሮን መንጋጋ

ሞቷን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ባጃጁን ከሱቄ ፊት አቆመና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ «ጋሽ ሸምሱ፣ ሲስተር አርፋለች፤ አስከሬኗን ከሆሳዕና እያመጡት ነው» ብሎኝ ሄደ። ሚዛኑ ላይ ያለውን ስኳር አየሁት። በደህናው ጊዜ ቢሆን ሲስተር በበሩ ብቅ ብላ «ይሄን ለማን ልትሸጠው ነው? ሰውዬው ልጅ አለው? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ትለኝ ነበር። ገዢው ከፊቴ ቆሞ እየጠበቀ፣ ስኳሩን መልሼ ጆንያው ውስጥ ደፋሁትና ሱቁን ዘጋሁ። ሰውዬው ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ደንበኝነቱንም አቋርጧል።

ሲስተር ታደለች ከጊምቢቹ አለፍ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማችን የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ባሏ አቶ ጴጥሮስ አስተማሪ ነው፤ በቀን ውስጥ የሚናገረውን ሁሉ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ቤቱ ዝም ለማለት የሚገባ ሰው። እሷም መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ነርስ ነበረች፤ ትወጋለች፣ ታክማለች፣ ትቆጣለች። አንድ ጊዜ ሆሳዕና ሄዳ ስለ ሕፃናት ጥርስ አጭር ሥልጠና ወስዳ መጣች። ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት አታይም፣ አፍ ብቻ ነው የምታየው።

መንገድ ላይ ካገኘችህ «እንደምን አደርክ» ብላ ፈገግ እስክትል ትጠብቃለች። ፈገግ ካላልክ ቀልድ ትነግርሃለች። ቀልዶቿ ፈጽሞ አያስቁም፤ ግን ሳትስቅ አትለቅህም። ተገላገልኩ ብለህ ስትስቅላት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ከላይም ከታችም ታይና «የግራው ተበስቷል» ብላህ መንገዷን ትቀጥላለች። የቀበሌው ሊቀመንበር እሷ ባለችበት ስብሰባ አፉን በወረቀት ጋርዶ ነበር የሚናገረው። ሠርግ ላይ ደግሞ ከፎቶ አንሺው ኋላ ቆማ ሙሽሮቹን «ሳቁ! ሳቁ እንጂ!» ስትል የማያውቃት እንግዳ የሙሽራዋ እናት ትመስለው ነበር።

የእኛ የትልልቆቹ ጥርስ ግን ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ ብዙም አያስጨንቃትም። «እናንተ ያለፈባችሁ ናችሁ» ትለን ነበር። ልቧ ያለው ልጆቹ ጋ ነበር፣ በተለይ ከሱቄ ጀርባ ባለው ሰፈር። እዚያ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ በየገበያው ተሸክሞ አዳሪ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነልጆቹ የታጨቀ ሰው ነው። ፊት ለፊት ያለ ጥርሱ ያልጠቆረ ልጅ እዚያ ሰፈር ብታይ እንግዳ መጥቶ ነው። እናቶቹን «ጥርስ አላጸዳሽም» ብላ ስትቆጣ ግን አልሰማሁም። «ሸምሱ፣ ጥርስ ብቻውን አይበሰብስም። ከነሰፈሩ ነው የሚበሰብሰው» ትለኝ ነበር፣ ይህንን ስትለኝ ደግሞ ዓይኗ የሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው።

የአልማዝ ልጅ ሜሮን የዚያ ሰፈር ልጅ ናት። አልማዝ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ አሸዋና ድንጋይ ትሸከማለች። ባሏ ደቡብ አፍሪካ እደርሳለሁ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። ወተት የምትገዛበት አቅም ስለሌላት ለሕፃኗ በጡጦ የምትሰጣት ሻይ ነበር፣ ስኳር በደንብ የበዛበት ሻይ። ጡጦውን ካልያዘች ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ልጅቷ ካለቀሰች አከራይዋ ዕቃቸውን ታወጣለች። ስለዚህ ሜሮን ጡጦዋን እንደጎረሰች ተኝታ ጡጦዋን እንደጎረሰች እየነቃች አምስት ዓመት ሞላት፤ የፊት ጥርሶቿም ከድዷ እኩል ሆኑ። ጎረቤቱ ሁሉ «የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቃል፣ ሌላ ይበቅላል» እያለ አልማዝን ያጽናናት ነበር።

አንድ ቀን የሜሮን ጉንጭ ዓይኗን እስኪደፍን አበጠ። ሲስተር ተሸክማት ሆሳዕና ወሰደቻት። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ጥርስ የሚነቀልበት ዕቃ የለም። ሆሳዕና ያለው ሐኪም አገጯን ግጥም አድርጎ ይዞ የበሰበሰውን ነቀለላት። ሕይወቷ ተርፏል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሜሮን ከሲስተር በቀር ለሰው አፏን አትከፍትም። ስታወራ በከንፈሯ ጫፍ ነው፣ ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ለእናቷም ቢሆን።

ከሆሳዕና ሲመለሱ ሲስተር በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ሸምሱ፣ ስድስት ዓመት ሲሞላ ከወተቶቹ ሁሉ ኋላ አንዲት መንጋጋ ትወጣለች። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ዝም ብላ ነው የምትወጣው። ሰው የወተት ይመስለዋል። የወተት አይደለችም! እስክታረጅ የምታኝክባት ናት፤ ከወደቀች ወደቀች ነው።»

«ታዲያ ትውጣ» አልኳት።

«አፏ እንደዚህ እንዳለ ከወጣችማ አዲስ ጫማ አድርጎ ጭቃ መግባት ነው። የሜሮን መንጋጋ ንጹሕ ሆና ትውጣልኝ። የአንዷ ከወጣ የሌሎቹም እናቶች ያምኑኛል። ካልወጣ ግን ይሄ ሰፈር ሁለተኛ አይሰማኝም።»

ይህ የሆነው ሜሮን ስድስት ዓመት ሊሞላት ወራት ሲቀሯት ነው። እንግዲህ ከተማው በሙሉ ለአንዲት ገና ላልወጣች መንጋጋ ሲል የታመሰው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ በእኔ ጀመረች። በእኛ አገር ዝርዝር ከጠፋ ቆይቷል። ገዢ ትንሽ መልስ ሲቀረው ከረሜላ ይሰጠዋል። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ባለሱቅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ገዢውም ተቀብሎ ቤቱ ሲገባ ለልጁ ይሰጣል፣ ልጁ ደስ ይለዋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሲስተር ይህን ከረሜላ ከየእናቱ እጅ ለቃቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣችና ባንኮኒዬ ላይ ዘረገፈችው።

«የልጅ ጥርስ ብሩሽ ስጠኝ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገንዘብ።»

«ሲስተር፣ ይሄ ከረሜላ ነው።»

«ትናንት ለአልማዝ መልሷን ስትሰጣት ገንዘብ ነበር። ሲያድር ነው ከረሜላ የሆነው?»

ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሁሉም የእኔን አፍ ያያል። ምን ልበል? ገንዘብ አይደለም ካልኩ ሌባ ልባል ነው። ብሩሹን ሰጠኋት። አልማዝ ቤት ከዚያ በፊት የነበረው ብሩሽ ባሏ ሲሄድ የተወው ነው፤ ማስታወሻ ነው ብላ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ማንም አይነካውም ነበር። ሲስተር አዲሱን ብሩሽ ይዛ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ የሜሮንን አፍ ማጽዳት ጀመረች። ብሩሽ ላልደረሳቸው ልጆች ደግሞ መፋቂያ በልካቸው አሳጥራ ታድላለች።

የእኔን መሸነፍ ያየ ሰው ግን አልተኛም። በማግስቱ የባጃጅ ተሳፋሪ ሒሳቡን በከረሜላ ከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ከረሜላ ተቀበለ፣ ሽንኩርት ሻጯ ተቀበለች፣ ሻይ ቤቱም ተቀበለ። እሑድ ዕለት ከጸሎት ቤቱ የመባ ከረጢት ከረሜላ ተገኘ አሉ። እኔ ሃይማኖቴ ሌላ ስለሆነ አልነበርኩም፤ የነበሩት እንደነገሩኝ ፓስተር ኤርሚያስ መድረኩ ላይ ወጥተው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ቢያንስ የተላሰ አታምጡ» ብለዋል።

የሚገርመው ከረሜላው በትክክል ገንዘብ ሲሆን ልጆቹ መብላት ማቆማቸው ነው። ገንዘብ ማን ያስበላል? እናቶች ከረሜላውን ከፍ ያለ ቦታ ሰቀሉት፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። አንዱ ሕፃን አንድ ፍሬ ሰርቆ ቢጎርስ እናቱ እያባረረች «ትፋው! የቤት ኪራይ ነው!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲስተር በሰፈሩ መሐል እጇን ኪሷ ከታ እየተንጎራደደች ታልፋለች። ነጋዴ ነኝ፤ በሕይወቴ ብዙ ሰው ሊበልጠኝ ሞክሯል፤ በራሴ ከረሜላ የበለጠችኝ ግን እሷ ብቻ ናት።

ወሬው ንግድ ጽሕፈት ቤት ደረሰና አንድ ኃላፊ መጣ። ባለሱቆችን ሁሉ ሰብስቦ «ከብር ውጪ የሚያገበያይ ነገር በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን የጀመረው ማን ነው?» አለ። ሁላችንም ወደ ሲስተር ጠቆምን። እሷ ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። ሰውዬው ሲመጣ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ነበር፤ ከጠርሙሱ አጠገብ መልሱ ተቀምጧል፣ ሁለት ከረሜላ።

«ይሄ ለልጄ ነው» አለ ደንግጦ።

«ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያለው ስብሰባ ስለ ልጁ ጥርስ ብቻ ነበር። ማታ ጡጦ ይዞ ይተኛል ወይ፣ ምን ይጠጣል፣ ማን ያጸዳለታል፣ ልጁን ይዞ የሚውለው ማን ነው። ኃላፊው እንደ ተማሪ እየመለሰ ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «ጉዳዩ ይጠና» ተብሎ ተበተንን። ሰውዬው ሁለተኛ አልመጣም፤ ከረሜላውንም ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ።

ጡጦው ግን ከንግድ ጽሕፈት ቤቱም የከበደ ሆነ። ሲስተር አልማዝን ሻዩ ላይ በየቀኑ ስኳሩን እየቀነሰች ውሃውን እንድትጨምር መከረቻት፣ ልጅቷ ሳታውቅ ውሃ ብቻ እስኪሆን። ሜሮን አወቀች። የዚያን ሰሞን የሰፈሩ ሰው በጩኸቷ እንቅልፍ አጣ። አከራይዋ «ወይ ስኳሩ ይመለስ ወይ ቤቴን ልቀቂ» አለች። ጎረቤቶች ወደ ሱቄ መጥተው ለአልማዝ ስኳር የሚገዙበት መዋጮ ጀመሩ፤ የገዙትን ይዘው ሲወጡ ሲስተር በር ላይ ቆማ ትቀማቸዋለች። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል የሰፈሩ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ወጣ፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደረደሩ፤ በአንድ በኩል ሲስተር ታደለች፣ በሌላ በኩል ጡጦዋን ያቀፈች የአምስት ዓመት ልጅ ቆሙ።

«ልጄ ሜሮን» አሉ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ «እስቲ ያንቺንም ቃል እንስማ።»

ሜሮን ከንፈሯን ሳትከፍት ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ «አልተስማማችም» ተባለ። ብዙ ከተለመነች በኋላ በከንፈሯ ጫፍ «እነሱም ይተዉ» አለች።

«ማን?»

በጣቷ ሽማግሌዎቹን ከዳር እስከ ዳር ጠቆመቻቸው።

ወጥተው ተማከሩ። ተመልሰው ፈረዱ፦ ሜሮን ቀን ከምግብ ጋር ስኳር ያለው ሻይ ትጠጣ፣ ማታ ግን ጡጦው ውስጥ ውሃ ብቻ ይሁን፤ ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጡ። ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም። እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው መራራ ሻይ እየጠጡ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ ሜሮን በመንገድ ስታልፍ ቆም ብላ ብርጭቋቸውን ትመረምር ነበር። ሲስተር ያንን ዕለት ደስታዋ ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ እኔን ግን የስኳር ሽያጬ ሊገድለኝ ነበር።

ታመመች ከዚያ በኋላ። መጀመሪያ ሆዴን አለች፤ እሷ እንደሆነች ለራሷ ሕመም ጊዜ የላትም። ስትወድቅ ሆሳዕና ሆስፒታል ተወሰደች፣ ከዚያም እዚያው ሆሳዕና ባለው የእህቷ ቤት ተኛች። ሜሮን ስድስት ዓመት ሞላት። መንጋጋዋ የምትወጣበት ጊዜ ደረሰ፤ አፏን የምትከፍትላት ሰው ግን የለችም።

በየቀኑ ስልክ ትደውልልኝ ነበር። «ወጣች?» ነው የምትለው፤ ሰላምታም የለ፣ ስለ ሕመሟም የለ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ወደ ኋላ ሰፈር እሮጣለሁ። ሜሮን ብሩሿን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ራሷ ታጸዳለች፤ ስትጨርስ ከንፈሯን ገጥማ ትዞራለች። የሲስተርን ዘዴ ሞከርኩ፣ ቀልድ ነገርኳት። አፏን እንደዘጋች በአፍንጫዋ ሳቀች። የባጃጁ ሹፌር ሞከረ፣ ፓስተር ኤርሚያስ ሞከሩ፣ ሊቀመንበሩም ስብሰባ አቋርጦ መጥቶ ሞከረ። ልጅቷ ተኝታ ሳለች አልማዝ ልታያት ብትጠጋ እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትተኛው።

«እንክፈተው በግድ?» አልኳት ለሲስተር በስልክ።

«እንዳትነኳት! በግድ ተከፍቶ ነው እዚህ የደረሰችው» ብላ ጮኸችብኝ፤ ጩኸቷ ግን ሳል ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ የደወለችልኝ ጊዜ ድምፅዋ እየቀጠነ ነበር።

«ሸምሱ፣ ሜሮን በየት በኩል ነው የምታኝከው?»

«በቀኝ በኩል መሰለኝ።»

«በቀኝ...። ወጥታለች ማለት ነው። ንጹሕ ናት?»

ንጹሕ ናት ብላት ምን ነበረበት? ሙያዬ ነው፤ የቆየውን ዱቄት ትናንት የመጣ ነው ብዬ እሸጣለሁ። ለእሷ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። «አላየሁም፣ ሲስተር» አልኳት። «እሺ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ያመኛል።

የልቅሶው ድንኳን እነ ሲስተር ደጅ ላይ ተተክሎ ነበር። ሰው ከሆሳዕና፣ ከጊምቢቹ፣ ከየገጠሩ መጥቷል። ሳጥኑ መሐል ላይ ነው። የጸሎት ቤቱ መዘምራን ይዘምራሉ። አቶ ጴጥሮስ ከሳጥኑ ራስጌ መሬት መሬቱን እያየ ተቀምጧል፤ አስከሬኑ ከመጣ ጀምሮ ለማንም ቃል አልመለሰም፤ ሰው ቢያቅፈው ይታቀፋል፣ ቢለቀው ይለቀቃል። እኔም ከእሱ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ማልቀስ አቅቶኛል፣ ደርቄያለሁ።

አልማዝ ሜሮንን በእጇ ይዛ ገባች። ልጅቷ ሳጥኑን ስታይ እናቷን ለቀቀቻትና ብቻዋን ወደ ፊት ሄደች።

«ሲስተር እዚህ ውስጥ ናት?» አለች።

«አዎ» አላት አንድ ሰው።

ሜሮን ከሳጥኑ ራስጌ ቆመች። ራሷን ወደ ኋላ ጣለችና አፏን እስከ መጨረሻው ከፈተች።

እንደከፈተችም ቆየች። መዝሙሩ አንድ በአንድ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ። አልማዝ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወጥታለች!» ብላ ጮኸች። ለቀስተኛው ተነሣ። የስልክ መብራት በርቶ ሰው ሰልፍ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ቀደሙ፤ መራራ ሻይ የጠጡበት ነገር ነውና ማንም አልተቃወማቸውም። ሊቀመንበሩ አየ። የሰፈሩ እናቶች እያንዳንዳቸው አዩ፤ ካዩ በኋላ የራሳቸውን ልጅ አገጭ ይዘው ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ተራዬ ሲደርስ እኔም አየሁ። ፊት ለፊት ባዶ ነው፣ በጎን ጥቁር ጉቶ አለ፤ ከሁሉም ኋላ በቀኝ በኩል ሰፊ፣ ነጭ፣ አንዳች ነጥብ የሌለባት መንጋጋ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው፤ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስኩ።

መጨረሻ ላይ የቀሩት ፓስተር ኤርሚያስ ናቸው። ዓይናቸው ይደክማል። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አውልቀው አዩ። «ይሄ ነጭ ነገር የምግብ ፍርፋሪ እንዳይሆን» አሉና ለማረጋገጥ ጣታቸውን እስከ ጥግ ሰደዱት።

ሜሮን ነከሰቻቸው።

የፓስተሩ ጩኸት እስከ ጎረቤት ቀበሌ ተሰምቷል። ጣታቸውን በብብታቸው ወትፈው ሲዘሉ ድንኳኑ ውስጥ ይሳቅ ይለቀስ ማንም አላወቀም። አቶ ጴጥሮስ ቀና አለ።

«በየትኛው ነው የነከሰችዎት?»

«በኋለኛው!» አሉ ፓስተር፣ «በዚያችው በመንጋጋዋ!»

አቶ ጴጥሮስ ተነሣና በሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። መዳፉን ክዳኑ ላይ አኖረ።

«ታደለች» አለ፣ «ትነክሳለች።»